«ኪነት»፦ ከሙያ ስም ወደ ቡድን መጠሪያ

«ኪነት» ከግእዙ «ኪን» ጋር የሥር ዝምድና ያለው ቃል ሲሆን፣ «ኪን» ጥበብ፣ የእጅ ሙያ ማለት ነው። «ኪነ ጥበብ» እና «ኪነ ሕንፃ» የተሰኙት ጥምር ቃላት ይህን ነባር ፍቺ ጠብቀዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ «የኪነት ቡድን» ሲቋቋም ግን «ቡድን» የሚለው በንግግር እየተተወ፣ «ኪነት» ብቻውን ዘፋኞችን፣ ተወዛዋዦችንና ሙዚቀኞችን በአንድነት መጥሪያ ሆነ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ በዚሁ ስም ይታወቃሉ።

«አዝማሪ» በአንጻሩ «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጣና ከቤተ ክርስቲያኑ «መዘምር» ጋር አንድ ሥር ያለው ቢሆንም፣ በዕለታዊ ንግግር ለስድብ ሲውል ኖሯል። ስለዚህ አዲሱ መጠሪያ ለዘፋኝነት የጥበብን ክብር ቢያላብሰውም፣ ነባሩን ስም ከንቀት አላወጣውም።