ነውር፣ ኀጢአትና ሐራም፤ የግብረ ገብ ምንጭ በወሎ አነጋገርና ልማድ

በደሴ ከተማ፣ ስሙ ጣሊያንኛ በሆነው በፒያሳ ሰፈር፣ እንደ ሌላው የወሎ ገበያ ሁሉ የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ናቸው። በአብ ስም የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ በቢስሚላህ የታረደውንም ክርስቲያኑ አይቀምስም። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን ያንን ሥጋ ስለ በላ ክፉ ሰው ነው አይለውም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጎረቤቱ ያስቀመጠበትን ገንዘብ የካደ ነጋዴ ሲገኝ ግን ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም፤ በሁለቱም ወገን አፍ «አደራ በላ» ይባላል። አማርኛው ለሥጋውም ለአደራውም አንድ ግስ ይጠቀማል፤ ፍርዱ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

በዚህ ልዩነት ውስጥ አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ይገኛል። ይኸውም በጎና ክፉ ለሰው ሁሉ የጸና ነገር ከሆነ፣ ጽናቱ የሚመጣው ከፈጣሪ ትእዛዝ ነውን? ወይስ ትእዛዙ ራሱ አስቀድሞ በጎ የሆነውን ይከተላል? ጥያቄውን ፕላቶን «ኤውቲፍሮን» በተባለው ድርሰቱ አንሥቶታል፤ ለወሎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእስልምና ሊቃውንት የተከራከሩበት መልኩ ነው።

የሙዕተዚላ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1025 የሞቱት ቃዲ ዐብዱልጀባር፣ የግፍን ክፋት አእምሮ ያለ ነቢይ ሊያውቀው ይችላል ብለው አስተማሩ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም፤ ፍትሕ ማለት አላህ ያዘዘው ብቻ ከሆነ፣ «አላህ ፍትሐዊ ነው» ማለት «የወደደውን ያደርጋል» ከማለት አይለይም፤ ምስጋናውም ትርጕም ያጣል። የአሽዐሪ ተከታዮች ይህን እንደ ድፍረት ቈጠሩት፤ በፈጣሪ ላይ የሚፈርድ ሕግ ከበላዩ ማቆም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት አል ገዛሊ ደግሞ በሰው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነቀፌታ ጨመሩ፤ ሰው «በራሱ ክፉ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ ጥቅሙን የሚነካውን ወይም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ክፉ ነው እየተባለ ያደገበትን ነው አሉ። ይህ ነቀፌታ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ዛሬም ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የተስማማበትን ሁሉ የተገለጠ እውነት ነው ብሎ ከመቸኰል ይከለክላልና። በሁለቱ መካከል የቆመው የማቱሪዲ ትምህርት አእምሮ የዋና ዋናዎቹን ነገሮች በጎነትና ክፋት ያውቃል ይላል፤ ግዴታው ከመልእክት በፊት ይጸና እንደ ሆነ ግን ተከታዮቹ ራሳቸው ተለያይተዋል። የአሽዐሪ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከሻፊዒ፣ የማቱሪዲም ከሐነፊ የሕግ ትምህርት ጋር ይሄዳል፤ በወሎም ሁለቱም የሕግ ትምህርቶች መምህርና ደረሳ ነበሯቸው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በበኩላቸው ሕገ ልቡናን ከሕገ ኦሪትና ከሕገ ወንጌል አስቀድመው ይቈጥራሉ፤ ከሙሴ በፊት የነበሩት አበው በእርሱ ኖረዋል ይላሉ። ይህ ሕግ ያለ መጽሐፍ ነው እንጂ ያለ ፈጣሪ አይደለም። ደራሲው ማን እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ሲያከራክር የኖረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ እንኳ፣ የሃይማኖቶችን ሥርዐት ሁሉ በልቡና ሚዛን ሲመዝን፣ ሚዛኑን የሰጠው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ነገሩ የጉባኤ ቤት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ወሎ በገዛ ታሪኩ አይቶታል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሼኽ ጠልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት ግን እንቢ ብለው ተነሡ። ትእዛዙ የወጣው በእግዚአብሔር ስም ነበር። ክፋት ትእዛዝን መጣስ ብቻ ከሆነ፣ የተገደደው ሰው ሊል የሚችለው «የእኔ መጽሐፍ ሌላ ያዛል» ነው፤ በእርግጥም የአል በቀራ ምዕራፍ 256ኛ አንቀጽ በሃይማኖት ማስገደድን ይከለክላል። ነገር ግን መጽሐፉን ለማይቀበል አስገዳጅ ይህ ማስረጃ አይሆነውም። «ግፍ» የሚለው ቃል ግን ለሁለቱም ይገባል።

ወደ ቃላቱ ስንመለስ፣ «ሐራም»ም «ኀጢአት»ም ሕግ ሰጪን ይጠራሉ። «ነውር» ግን በግዕዝ እንከን ማለት ነው፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት ይሁን ሲባል የአካልን ጉድለት ያመለክታል። በአማርኛ ወደ ጠባይ ጉድለት ተሻግሮ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ቃል ሆነ።

ይህ ማለት ፈጣሪ ከነገሩ ወጥቷል ማለት አይደለም። አደራ ክዷል የተባለ ሰው ምስክር ሲታጣበት በየሃይማኖቱ ይምላል። እዚህ ላይ ፈጣሪ የሚጠራው አደራ መብላት ክፉ መሆኑን እንዲያስተምር አይደለም፤ ይህንማ ከሳሹም ተከሳሹም ያውቁታል፤ ሰው ያላየውን ያየ ምስክር ስለ ሆነ ነው እንጂ። «ምንጭ» የሚለው አንድ ቃል ማወቅን፣ ማስገደድንና መመስከርን አደባልቆ ስለ ያዘ፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚወሳሰበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሠርጉ ድግስ ነው። በወሎ ደጋሹ ለሌላው ሃይማኖት ጎረቤቶቹ በእነርሱው ሰው እጅ የታረደ ሥጋ ለብቻ ያዘጋጃል። ይህን ያላደረገ ሰው በየትኛውም መጽሐፍ የተጻፈ የዕርድ ሕግ አልጣሰም፤ የሚወቀሰው ግን በነውር ነው፤ ያውም እርሱ ራሱ የማይቀበለውን ሕግ ለባለሕጉ ሳያከብርለት በመቅረቱ።