ሴፍቲኔትን ማን ይክፈል?

ከደብረ ታቦር ወደ ላይ ጋይንትና ስማዳ ስትሄዱ በየተዳፋቱ ከምታዩት እርከን ውስጥ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ጉልበት የተሠራ አለበት። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በየዓመቱ አስቸኳይ እርዳታ መለመንን ለማስቀረት ነበር፤ ምግብ ለሚያጥረው ገበሬ ክፉው ወር ሳይመጣ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጠዋል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይደገፋል።

አብዛኛውን ወጪ ግን ሲሸፍኑ የኖሩት ለጋሾች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ውሳኔው የተሰጠው እዚህ ሳይሆን ዋሽንግተን ነው።

እርዳታው ይቅር አልልም። መንግሥት ግን ድርሻውን በየዓመቱ ያሳድግ፤ ከሁሉ በፊት የአቅመ ደካሞቹን ክፍያ በራሱ በጀት ይያዝ። እርከን አንድ ዓመት ቢዘገይ ይደረስበታል፤ የአንዲት አሮጊት ቀለብ ግን ሊዘገይ አይችልም። ሰኔ ላይ በጀት ሲጸድቅ እንደራሴዎቻችሁን ይህን ጠይቁ።