በካምቢዮ ውስጥ የነበረው ዓሣ ነባሪ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ጋራዦች ግራ ተጋቡ። የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ ይንሸራተት ጀመር፤ ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ ከውስጡ የወጣው የሚያውቁት ቀይ ዘይት አልነበረም። ወተት የገባበት የእንጆሪ ጭማቂ የመሰለ ሮዝ ፈሳሽ ነበር።

መካኒኮቹ የተጎዱትን የፍሪሲዮን ዲስኮች ቀየሩ፣ አዲስ ዘይት ሞሉ፣ መኪናውንም ለባለቤቱ አስረከቡ። ያው መኪና ብዙ ሳይቆይ ተጎትቶ ተመለሰ።

ዘይቱን ሮዝ ያደረገው ውሃ እንደሆነ ማንም አላጣውም። በተዘጋ ካምቢዮ ውስጥ ግን ውሃ ከየት ገባ?

ፍለጋው ወደ መኪናው ፊት ዞረ። የካምቢዮው ዘይት በቱቦ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ፣ እዚያ በውሃ በተከበበች ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ይመለስ ነበር። የማቀዝቀዣዋ ብየዳ ተበልቶ ተገኘ። በዚያ ቀዳዳ የሾለከው ውሃና ኩላንት የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ጋር ያያዘውን ሙጫ ያላቅቀው ነበር። ካምቢዮው በሰው ጥፋት ሲፈታ ከርሟል ማለት ነው! ሆኖም ማቀዝቀዣዋ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርታለች። አሁን ምን በላት?

መልሱ ከባሕር መጣ። ቀድሞ በካምቢዮ ዘይት ውስጥ ስፐርም ከተባለው ዓሣ ነባሪ የሚወጣ ቅባት ይጨመር ነበር። ቅባቱ በባሕርይው ፈሳሽ ሰም ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ የማርሹን መቀያየር ያለሰልሳል፣ ብረትንም ከመበላት ይጠብቃል። በ1970 የአሜሪካ መንግሥት እንስሳውን ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል መዘገበው፤ ቅባቱም ከገበያ ወጣ። ኬሚስቶች ምትክ አዘጋጁ። ምትኩ ማለስለሱን ቻለበት፤ ብየዳውን መጠበቁ ግን አቃተው።

የዓሣ ነባሪውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ነገር ይገኝ ይሆን? እዚህ ላይ ዕድል ጣልቃ ገባች። በ1933 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ጆጆባ የተባለ የበረሃ ቁጥቋጦን ፍሬ መርምረው፣ ከተራ ዘይት ይልቅ የዓሣ ነባሪውን ሰም የሚመስል ፈሳሽ አግኝተው ነበር። ያ ጥናታቸው እንደገና ተነበበ፤ የአገሬው ተወላጆችም ፍሬውን ከዱር መልቀም ጀመሩ። ቁጥቋጦው ግን ለማፍራት ዓመታት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ለካምቢዮ የሚቀመስ አልሆነም። ጆጆባ ወደ ጸጉርና ቆዳ ቅባት ሄደ፤ ሳይደላው አልቀረም።

ካምቢዮውን ያዳነው ብዙም የማያስደንቅ ነገር ነበር፤ ዴክስሮን ሁለት ዲ በተባለው ዘይት ውስጥ የተጨመረ ፀረ ዝገት ኬሚካል። መካኒኮቹም በበኩላቸው የሥራ ቅደም ተከተላቸውን ለወጡ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሮዝ ይዞ ሲወጣ ካምቢዮ ከመፍታታቸው በፊት ራዲያተሩን መመርመር፣ ማቀዝቀዣዋንም ሳይቀይሩ የታደሰ ካምቢዮ አለማሰር ያዙ።