ሸኚ የሌለው ሐውልት

ለንደን፣ ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሰው ስጠብቅ፣ አንዲት የሀገሬ ልጅ ከነሐስ የልጆች ሐውልቶች መሀል ቆማ የአንዱን ሻንጣ በመሐረብ ስትወለውል አየኋት። «እህቴ፣ ሥራሽ ነው እንዴ?» አልኳት። «ኧረ አይደለም። አቧራ ሲለብሱ ደስ አይለኝም።»

ነገሩ ከዚያ ወዲህ አለቀቀኝም።

አምስቱን ልጆች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያቆማቸው ፍራንክ ማይስለር ራሱ ከናዚ ካመለጡት ልጆች አንዱ ነበር። ኦገስት 1939 ከዳንዚግ በባቡር ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ወላጆቹ ተያዙ፤ በመጨረሻም አውሽዊትዝ ተገደሉ። ከዲሴምበር 1938 እስከ ጦርነቱ ዋዜማ 10,000 የሚጠጉ ልጆች፣ አብዛኞቹ አይሁዳውያን፣ ከናዚ እጅ አምልጠው እንግሊዝ ገብተዋል። ፈቃዱ ከ17 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብቻ ነበር፤ ወላጅን አይጨምርም። ልጁ ይግባ፣ እናቱ ትቅር! ብዙዎቹ ዳግም አልተያዩም።

ማይስለር የጉዞውን መስመር ተከትሎ ሌሎችም ሐውልቶች ተክሏል፦ በርሊን በ2008፣ ግዳንስክ (የያኔዋ ዳንዚግ) በ2009፣ ሁክ ፋን ሆላንድ በ2011፣ ሀምቡርግ በ2015። (በካርታ ስከተላቸው አንድ ቅዳሜ አለቀብኝ።) አንጀት የሚበላው የበርሊኑ ነው። ሁለት ልጆች ወደ ሕይወት ሲሄዱ፣ አምስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሞት ይሄዳሉ። በሁሉም ላይ ግን ወላጆቹ የሉም። ለምን ብዬ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሴትዮዋን ግን ይመለከታታል። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ብቻዋን የመጣች ናት።

«ሰው ሁሉ ‹ተርፈሻል› ይለኛል። አዎ፣ ተርፌያለሁ። እናቴ ስትደውል ግን የምላት ይጠፋኛል። አማርኛዬ እዚያው አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ቀርቷል፤ የትልቅ ሰው ነገር አያስወራኝም። እሷም ‹በልተሻል?› ነው የምትለኝ። አርባ ሞላኝ እኮ፣ ወንድሜ!»

ቦሌ ድረስ ማን ሸኘሽ አልኳት።

«አክስቴ። እናቴማ አልቻለችም፤ ከቤት አልወጣችም። እስከዛሬ ‹ለምን አልመጣሽም?› አላልኳትም፣ እሷም አላነሳችውም።»

የፕራጉን መታሰቢያ ነገርኳት። በዋናው ባቡር ጣቢያ በ2017 የቆመ የባቡር በር ነው፤ መስታወቱ ላይ በአንድ ወገን የልጆች፣ በሌላው ወገን የወላጆች መዳፍ ተቀርጿል። በ2019 ሰንጥቀውታል።

መሐረቡን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

«የእናቶቹ እጅ ይነካል?» አለችኝ።