የቫልቭ መፈተሻ፦ የሾርት መብራት ምን ይናገራል?

ከአያት የተወረሰውን ፊሊፕስ ወይም ግሩንዲግ ሬዲዮ ከቡፌው ላይ ያላወረደ ቤተሰብ መቀሌ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ይህ ሬዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ መጀመሪያ በጀርባው ያሉት ብርጭቆዎች ቀላ ይላሉ፣ ቀጥሎ ከፊቱ አረንጓዴዋ ዓይን ትበራለች፣ ድምፁ በመጨረሻ ይመጣል። እነዚያ ብርጭቆዎች ቫልቮች ናቸው። ደህንነታቸውን የሚመረምረው መሣሪያ ደግሞ የቫልቭ መፈተሻ ይባላል።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመጀመሪያ ዘመን የቫልቭ ዘመን ነበር። በጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂው ጣቢያ ለውጭው ዓለም ሲናገሩ ድምፃቸውን ያሻገረው ቫልቭ ነው። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም ባለ 100 ኪሎዋት ማሠራጫዎቹን ያንቀሳቀሰው በግዙፍ ቫልቮች ነበር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ዛሬ አንድ ቫልቭ ቢቃጠል ምትኩን ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ በትክክል መፈተሽ ሬዲዮውን ከማዳን አይለይም።

ለመቀሌ ጉዳዩ ሌላም ክብደት አለው። በትግራይ ጦርነት ዓመታት መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ከብሔራዊው የኃይል መረብ ጋር እስክትገናኝ ድረስ ብዙ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ቆይቷል። እንዲህ የከረመን የቫልቭ ሬዲዮ ሳይመረምሩ ግድግዳ ላይ መሰካት አደጋን መጋበዝ ነው።

ከቫልቩ ብርጭቆ ውስጥ አየር ወጥቷል። መካከል ላይ የምትግል ሂተር አለች፤ ሂተሯ ካቶዱን ታሞቀዋለች፣ የሞቀው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፕሌቱ ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን የሽቦ መረብ፣ ግሪዱ፣ የሚያልፈውን መጠን ይቆጣጠራል። በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። አንዱ ጎብጦ ሌላውን ከነካ ሾርት አደረገ ማለት ነው።

መፈተሻ ከመነካቱ በፊት ዓይን ብዙ ሥራ ይሠራል። በብርጭቆው አናት ወይም ጎን ላይ ብርማ ቅብ ይታያል፤ ሥራው የቀረውን ጋዝ መምጠጥ ነው። ቅቡ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቷል፤ ያ ቫልቭ አልቆለታል።

ቀጥሎ ስሙ ይነበባል። በአውሮፓ ቫልቮች የመጀመሪያዋ ፊደል ስለ ሂተሩ ትናገራለች። ኢኤል84 በ6.3 ቮልት ይሠራል፤ በመልክ የሚመስለው ዩኤል84 ግን 45 ቮልት ይፈልጋል። በዲ የሚጀምሩት፣ እንደ ዲኤል92 ያሉት፣ ለባትሪ ሬዲዮ የተሠሩ ሲሆኑ 1.4 ቮልት ይበቃቸዋል፤ 6.3 ከተሰጣቸው ፊላመንታቸው (የሚግለው ሽቦ) በቅጽበት ይበጠሳል። ስለዚህ የመፈተሻው ማዞሪያዎች ሁሉ በሰንጠረዡ መሠረት ተስተካክለው ካለቁ በኋላ ነው ቫልቩ ሶኬት ውስጥ የሚገባው።

የራስ ደህንነት ከቫልቩ ይቀድማል። እንደ ሂኮክ ያሉ የአሜሪካ መፈተሻዎች በአብዛኛው ለ110 እስከ 120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ከእኛ 220 ቮልት ጋር በቀጥታ ከተገናኙ ይቃጠላሉ። በቂ አቅም ያለው ማውረጃ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የመፈተሻው ገመድ ተሰነጣጥቆ እንደሆነና ፊውዙ ልኩ እንደሆነ በቅድሚያ ይታይ። ሶኬቶቹ ላይ ከመቶ ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። አናታቸው ላይ ቆብ ያላቸው ቫልቮች ሲፈተሹ ደግሞ ከላይ የምትያያዘው ሽቦ ራሷ ኮረንቲ አለባት፤ መፈተሻው እየሠራ አትነካም። እጅ ደረቅ ይሁን፣ ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቁ፣ የማይሠራው እጅ ከጠረጴዛው ይራቅ። ቫልቭ የሚነቀለው መፈተሻው ጠፍቶ፣ ብርጭቆው ሲበርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሾርት ፍተሻ ከሁሉም ይቀድማል። ክፍሎቹ ተነካክተው ሳለ ወደ ጥንካሬ መለኪያው መሄድ የመፈተሻውን ሜትር ሊያቃጥል ይችላል። ቫልቩ ሞቆ ይፈተሽ፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ቀዝቅዞ ያልታየ ንክኪ በሙቀት ብቅ ይላል። ማዞሪያው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር የሾርት መብራት የምትባለው ትንሿ የኒዮን መብራት ትበራ እንደሆነ ይታያል።

ይህች መብራት ስለበራች ብቻ ቫልቩን መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ማዞሪያው ሲዛወር ብልጭ ብላ ከጠፋች፣ ካፓሲተር ሲሞላ የሚታይ ስለሆነ ችግር የለውም። በሂተሩ ሁለት ፒኖች መካከል ከበራች ጤንነት ነው፤ ሂተር አንድ ሽቦ ስለሆነ መገናኘት አለበት፣ እንዲያውም አለመብራቷ ሽቦው መበጠሱን ይናገራል። አንዳንድ ቫልቭ ደግሞ በአሠራሩ አንድን ክፍል በሁለት ፒን ያወጣል። ለምሳሌ የኢኤፍ80 ካቶድ በ1ኛውም በ3ኛውም ፒን ላይ ይገኛል። በእነዚህ ፒኖች መካከል የምትታየው መብራት የፋብሪካው ሥራ ናት። ይህን ሰንጠረዡ ያስረዳል።

በሌላ ቦታ ሳትወላውል ቦግ ብላ ከቆየች ግን እውነተኛ ሾርት ነው፤ ፍተሻው እዚያው ይቁም። በእርሳስ ላጲስ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መታ ሲደረግ ብቻ የምትንቦገቦግ ከሆነ ውስጡ የላላ ክፍል አለ፤ ሬዲዮው ላይ የሚንጣጣ ድምፅ ያመጣል። ደብዘዝ ብላ የምትበራው መብራት ትዕግሥት ትጠይቃለች። በፒኖቹ መካከል ያለ አቧራና እርጥበትም እንዲህ ያደርጋል፤ ቫልቩ በርዶ ፒኖቹ በአልኮል ተጠርገው ከደረቁ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። አሁንም ከበራች በክፍሎቹ መካከል ውስጣዊ ልቀት አለ ማለት ነው።

ንክኪው የት እንዳለ ማወቅ ደግሞ ሬዲዮው ምን እንደሚጠብቀው ይነግራል። በድምፅ ማጉያ ቫልቭ ሂተርና ካቶድ ከተነካኩ ብዙ ጊዜ የ50 ኸርዝ እምምታ ይሰማል። ቀጥታ ኮረንቲ በሚሰጠው ኢዜድ80 ላይ ይኸው ንክኪ ከፍተኛውን ቮልት ወደ ሻሲው ሊያፈስስና ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። የግሪዱ ልቀት ደግሞ የኃይል ቫልቩን ፕሌት እስኪቀላ ድረስ ያግለዋል። ትንሽ የምትመስል መብራት ትልቅ ወጪ የምታድነው እንዲህ ነው።

ንጹሕ ሆኖ ያለፈ ቫልቭም ሙሉ ዋስትና የለውም። በመፈተሻው ላይ የሚያገኘው ቮልት ከሬዲዮው ሊያንስ ይችላል፤ ሙሉ ጫና ሲያርፍበት የሚገለጥ ሕመም አለ። የመጨረሻው ምስክር በጥንቃቄ የተከፈተው ሬዲዮ ራሱ ነው።

ስለዚህ የሬዲዮ ጠጋኞቻችንና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ይህን መሣሪያ እንዲያውቁት ከልብ እመኛለሁ። የፈተሹትን ሁሉ ይመዝግቡ፦ የቫልቩን ስም፣ ቀኑን፣ መብራቷ በየትኛው የማዞሪያ ቦታ እንደበራችና ሲመታ ምን እንዳሳየች። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ሬዲዮ ሲከፍት ከዜሮ አይጀምርም፤ ደህና የሆነ ቫልቭም በስህተት ቆሻሻ ውስጥ አይወድቅም።