ያውቁ ኖሯል? ፕሮሰሰር ሲፈጥንና ሲግል

ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

• ከፍጥነት ይልቅ ሙቀትን የሚያባብሰው ቮልቴጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፍጥነቱን ብቻ በ10 በመቶ ቢጨምሩ ሙቀቱም የሚጨምረው በ10 በመቶ ገደማ ነው። በስሌቱ ውስጥ ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ግን፣ እሱንም አብረው በ10 በመቶ ከፍ ካደረጉ ጭማሪው 33 በመቶ ይደርሳል።

• ፕሮሰሰር በስፋቱ ልክ ሲታይ ከእንጀራ ምጣድ የበረታ ሙቀት እንደሚያመነጭ ያውቁ ኖሯል? የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይስባል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ስፋቱ 2.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የሲሊከን ቁራጭ ነው። 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1.3 ዋት ገደማ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ግን ወደ 100 ዋት ይጠጋል።

• በ1998 የወጣው ርካሹ ሴለሮን 300ኤ የኦቨርክሎከሮች ዘመን የማይሽረው ተወዳጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የማዘርቦርዱን ባስ (የመረጃ መተላለፊያ) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ የለወጠ ሰው ለ300 ሜጋኸርዝ ከፍሎ 450 ያገኝ ነበር። ብዙዎቹም ይህን ያደረጉት በተራ ፋን ነው።

• በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ በሥራ ላይ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ሂትሲንካቸውን (ሙቀት የሚወስደውን ብረት) አንሥቶ እንደ ፈተነ ያውቁ ኖሯል? ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ፤ የኤኤምዲ አትሎን ግን ጢሱ ወጣ። ዛሬ ሁሉም ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ይጠብቃሉ። 13900ኬ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ራይዘን 9 7950ኤክስ ደግሞ 95 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

• ሙቀት ኢንቴልን ይቅርታ እንዳስጠየቀ ያውቁ ኖሯል? በ2004 ኩባንያው ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ በቀልድ መልክ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ኢንዱስትሪው ትኩረቱን ፍጥነትን ከማሳደድ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ኮሮችን (የስሌት ክፍሎችን) ወደማብዛት አዞረ።

• በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ተርማል ፔስት የሚቀባው አየርን ለማስወጣት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ለዓይን ለስላሳ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተት ይቀራል። በዚያ የሚገባው አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ በ15,000 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ፔስቱ ያንን ክፍተት ይሞላል፤ ሲወፍር ግን እሱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

• በፔስት ፋንታ የሚቀባው «ፈሳሽ ብረት» አሉሚኒየምን እንደሚበላ ያውቁ ኖሯል? በውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየሙን ሰርስሮ ያፈራርሰዋል። ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ጠብታው ማዘርቦርድ ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል።

• በ2012 ኢንቴል በአይቪ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ክዳን ሥር ብየዳውን በፔስት እንደተካው ያውቁ ኖሯል? ሙቀቱ ሲብስባቸው ኦቨርክሎከሮች ክዳኑን በምላጭ እያነሡ የተሻለ መቀባት ጀመሩ። በ2018 ከኮር አይ9-9900ኬ ጋር ብየዳው ተመለሰ።

• በውኃ ማቀዝቀዝ ፕሮሰሰርን ከክፍሉ አየር በታች እንደማያወርደው ያውቁ ኖሯል? ውኃው ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ ከማጓጓዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ በመጨረሻ የሚረከበው ያው የክፍሉ አየር ነው። ስለዚህ ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይሞቃል።

• አዲስ አበባ ለኮምፒዩተር ፋን ፈተናም ስጦታም እንዳላት ያውቁ ኖሯል? ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ከ20 በመቶ በላይ ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ግን ጉድለቱን ያካክሳል። ድሬዳዋ በአንጻሩ አየሯ የተሻለ ወፍራም ቢሆንም ሙቀቷ ያይላል።

• የ9 ጊጋኸርዝ ድንበር የተሻገረው በሂሊየም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ2022 አንድ 13900ኬ ይህን ያደረገው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ በሚፈላ ፈሳሽ ሂሊየም እየቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ይልቅ በብዛት የሚሠራበት ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው።

• ኦቨርክሎክ ያልተደረገ ፕሮሰሰርም በቮልቴጅ ሊጎዳ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር አመነ። ማስተካከያውን በባዮስ ማሻሻያ በኩል አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን ማሻሻያው አያድነውም።

ስለዚህ ውድ ፋን ከመግዛትዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብተው ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ ዝቅ ያድርጉ፤ በየደረጃውም ኮምፒዩተሩን በከባድ ሥራ ይፈትኑት። ሳይንገራገጭ ከሠራ ያለ ምንም ወጪ ሙቀት ቀንሰዋል። ከተንገራገጨም አንድ ደረጃ መልሰው ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃዎታል።