«ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም»

አዳማ ውስጥ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በሚሸጥባቸው ሱቆች ድመት የምትፈለገው ለአይጥ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ጡት ያልጣለች ግልገል አምጥቶ በሲባጎ ከጆንያ ሥር ያስራትና «እንዳታበሏት፤ ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይላል። ግልገሏም ዓይናር የያዘውን ዓይኗን እያርገበገበች ስትጮህ ትውላለች።

አባባሉ ጨርሶ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ ያገኙ ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ ቀንሷል። ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሮበርት አዳሜክ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ድመቶቹ የሚወዱትን ምግብ እየበሉ አይጥ ሲቀርብላቸው መብላታቸውን አቋርጠው ገድለዋታል፤ ከዚያም ወደ ምግባቸው ተመልሰዋል።

አደንን በደንብ የምታስተምረው እናት ናት። ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ መጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎ ነፍስ ያለው አይጥ ታመጣለች። ግልገሏን በአንድ ወሯ ነጥቆ ማስራብ ወተቱንም ትምህርቱንም መንፈግ ነው። ደግሞም የተራበች ግልገል መርዝ በልቶ የሞተ አይጥ ካገኘች አትምርም፤ መርዙ እሷንም ሊገድላት ይችላል። በሬውን ሳያበላ የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ይህን እያወቁ ግልገል ማስራብን እንደ ብልሃት የሚመክሩ ሰዎች ሊያፍሩ ይገባል።

ግልገል ከእናቷ መለየት ያለባት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላት ነው። እስከ ስድስት ወሯ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትብላ። እንጀራ ብቻ አይበቃትም፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን ከሥጋና ከዓሣ ይገኛል። በባቱና በመቂ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ የሚተርፈው ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ ቢሰጣት መልካም ነው። የወጥ ትራፊ ግን አይሆንም፤ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል።

ሌሎችም የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። «ድመት የላም ወተት ይስማማታል»፦ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ ደግሞ ትንሽ ግልገልን ቶሎ ያደርቃል። ጡት ለጣለች ግልገል ንጹህ ውሃ ይበቃል።

«ነፍሰ ጡር ካለች ድመቷ ትውጣ»፦ የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሐዋሲ ከጥሬ ሥጋም ይመጣል። በድመቷ ዓይነ ምድር የሚወጣው ተሐዋሲ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ፤ ነፍሰ ጡሯም ጥሬ ሥጋ መብላት ትታ፣ እጇን ትታጠብ።

ሱቃችሁ ውስጥ የታሰረች ግልገል ካለች ዛሬውኑ ፍቷት፤ አብሏት። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧት።